መምሬ ይሮጣሉ

ሩጫ የጀመርሁት ለውድድር ብዬ አይደለም። የንስሐ ልጄ የነበሩ አንዲት ባልቴት ሳይናዘዙ እንዳይሞቱብኝ ብዬ ነው።

በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ገና አልደፈንሁም። ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር በቅስና አገለግል ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ሞላሌ እየሄድሁ በመንግሥት ትምህርት ቤት ግብረ ገብ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ገና ሳልቀመጥ፣ የባልቴቷ ልጅ በላብ ተጠምቆ ከደጄ ደረሰ።

"መምሬ፣ እናቴ ደከመች። መምሬን ሳላይ አልሙት እያለች ነው" አለኝ።

የነበረችኝን አንዲት በቅሎ የባለቤቴ ወንድም ለሠርግ ወስዷት ነበር። የባልቴቷ ቤት ከገደሉ ማዶ ነው። ለዓይን ቅርብ ነው፤ እግር ግን ወርዶ መውጣት አለበት። እንደ ወጉ ጃንጥላዬን ይዤ፣ መንገደኛውን ሁሉ መስቀል እያሳለምሁ ብሄድ የማገኘው ሬሳ እንደሚሆን ገባኝ። ኩታዬን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ አሰርሁት፤ መስቀሌን ጨበጥሁና ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድሁት። ልጁ መጀመሪያ ከኋላዬ "ቀስ ይበሉ መምሬ፣ ይወድቃሉ" ሲል ይሰማኝ ነበር። ኋላ ድምፁም ራቀ።

ስደርስ ባልቴቷ ዓይናቸው ክፍት ነበር። አንደበታቸውም አልተያዘም። ሰው ሁሉ እንዲወጣ አደረግሁና ያላቸውን ነገሩኝ፤ እግዚአብሔር ይፍታዎት ብዬ መስቀሌን አሳለምኋቸው። ልጃቸው ሲደርስ እናቱ እጁን ለመያዝ ጊዜ ነበራቸው። ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

በቀብሩ ማግስት በአገሩ የተወራው የባልቴቷ ማረፍ አልነበረም። የእኔ መሮጥ ነበር። ጥምጣሜ ተፈትቶ እንደ ፈረስ ጭራ ሲከተለኝ ያየ ሰው ነበረ። ያላየው ደግሞ ካየው የበለጠ አሳምሮ ይተርከው ነበር።

የደብሩ አለቃ አስጠሩኝ። ሰባን ያለፉ፣ ጠይም፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ዜማ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና የኔታ እያልሁ ነው የምጠራቸው። ከቅጽሩ ውስጥ ካለው ጥድ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ሮጥህ አሉ" አሉኝ።

"አዎን የኔታ፣ ሮጫለሁ።"

"ቄስ ይሮጣል?"

"የሚሞት ሰው አይጠብቅም።"

"ስማኝ" አሉ፣ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። "እሳት ቢነሳ፣ በሽታ ቢገባ፣ ሕዝቡ ዞሮ የሚያየው ቄሱን ነው። ቄሱ ከረጋ ይረጋል። ቄሱ ከሮጠ ማንን አይቶ ይረጋ?"

ነገሩ ከባድ ነበር። ቀላል ነው ብዬ አልዋሽም። ግን የባልቴቷ ዓይን ገና ፊቴ ላይ ነበር።

"በትንሣኤ ማለዳ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ወደ መቃብሩ ሮጠው የለም ወይ?" አልኋቸው።

አለቃ አልተቆጡም። "ሮጠዋል። ታናሹ ቀድሞ ደረሰ። ደርሶ ግን በር ላይ ቀረ። መጀመሪያ የገባው ኋላ የደረሰው ታላቁ ነው" አሉኝ።

ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን መልስ ማጣትና መሸነፍ አንድ እንዳልሆኑ ለራሴ ነገርሁት።

ከዚያ ወዲያ መሮጥ ልማዴ ሆነ። በመጀመሪያ ምክንያቴ ሌላ የንስሐ ልጅ ቢጠራኝ እግሬ እንዳይሰንፍ የሚል ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ምክንያት መፈለጉን ተውሁት። ደስ ይለኝ ነበር። ማለዳ በረባሶዬን አጥብቄ አስሬ ወደ ሞላሌ ስነሳ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይንኮሻኮሻል። መጀመሪያ ደረቴ ይቃጠላል፤ ከዚያ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ያለውን በቃል ለመናገር ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከደብረ ብርሃን የመጣ አንድ ወጣት የስፖርት አስተማሪ ነበር። ፊሽካ ከአንገቱ አይለይም። በሩጫ ስገባ በር ላይ ቆሞ ጥቂት ቀን ካየኝ በኋላ አንድ ቀን ጠጋ አለኝ።

"መምሬ፣ ከፋሲካ በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ ማራቶን አለ። አስተማሪው፣ ፖሊሱ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ የሚሮጥበት ትልቅ ሩጫ ነው። ከኛ አገር አምስት ሰው ይላካል" አለኝ።

"እኔን ምን አገባኝ?"

"ደመወዝ የሚበሉ አስተማሪ አይደሉም እንዴ? ከጥምቀት በኋላ የትልቁን ሩጫ እኩሌታ፣ ከዚህ እስከ መሐል ሜዳ እንሮጣለን። ለልምምድም ነው፣ ለምርጫም ነው። እኩሌታውን ደህና የጨረሰ ሙሉውን ሊሞክር ይችላል። ያልጨረሰ ግን ባይደክም ይሻለዋል።"

በዚያ ዘመን በኛ አገር ሩጫ የወታደርና የፖሊስ ሥራ ነው። ትልቅ ሰው የሚሮጠው አንድም ሲያሳድድ፣ አንድም ሲሳደድ ነው። አስብበታለሁ አልሁት፤ ነገር ግን ከአፉ ሳይጨርሰው ልቤ ቆርጦ ነበር።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኋት። የቄስ ልጅ ናት፤ የደብር ወግ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። የበግ ጠጉር እየፈተለች ነበር።

"አለቃ ያውቃሉ?" አለችኝ።

"ነገ እነግራቸዋለሁ።"

"ይከለክሉዎታል።"

"ይከልክሉኝ።"

እንዝርቷን ጭኗ ላይ አኖረችው። "ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ምን እንደሚሉኝ ያውቃሉ? ባልሽ አበደ ነው የሚሉኝ። እኔም ያበደ ሰውማ መንገድ ይስታል፣ የኔው ግን እንስራሽ ሳይሞላ ሞላሌ ይደርሳሉ አልኋቸው።"

"እንዲህ አልሽ?"

"አልሁ። አሁን ቢቀሩ የማፍረው እኔ ነኝ" አለችና ፈትሏን ቀጠለች።

በማግስቱ እጀ ጠባቤን አሳጠረችው፤ የሱሪዬን እግር አጠበበችው። ጥምጣሜንም እንደታሰረ አስቀምጣ ዙሪያውን በክር ወጋችው። "አሁን ነፋስ ቢነፍስም አይፈታም" አለች።

አለቃ ጋ የሄድሁት ለማስፈቀድ አልነበረም። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ብዬ ነው።

"መቼ ነው?" አሉኝ።

"ቅዳሜ።"

"በቀዳሚት ሰንበት?"

"የዚህ ሳምንት ሰሞነኛ አይደለሁም የኔታ። እርሻም አላርስም።"

"ከፖሊስ ጋር በአደባባይ ሮጠህ መቅደስ አትገባም። ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ። እኔ ግን እሮጣለሁ።"

በሕይወቴ ለእሳቸው እንዲህ ብዬ መልሼ አላውቅም ነበር። ከደጃቸው ስወጣም ቃሌን አልመለስሁትም።

ቅዳሜ ጠዋት ሞላሌ ላይ ተሰበሰብን። ፖሊሶቹ በቁምጣ ናቸው፤ አስተማሪዎቹ ገሚሱ በቁምጣ፣ ገሚሱ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሏል። አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ አንድ የክሊኒክ ድሬሰርም ነበሩ። እኔ በነጭ ልብሴ፣ በጥምጣሜና በበረባሶዬ ስመጣ ሳቁ ተነሳ። አንድ ወፍራም ክንድ ያለው ሃምሳ አለቃ ጮክ ብሎ "መምሬ፣ ጠበል ሊረጩን ነው የመጡት?" አለ።

"ስትደክሙ ላናዝዛችሁ ነው" አልሁት። ሳቁ ወደሱ ዞረ።

ፊሽካው ተነፋ። ወጣቶቹ ሌባ እንደሚያሳድድ ሰው ተፈተለኩ። እኔ በማውቀው እርምጃ ጀመርሁ። ከከተማው ሳንወጣ ከኋላዬ የቀረ ሰው ከጸሐፊው በቀር አልነበረም።

ከከተማው ስንወጣ ያላሰብሁት ነገር ገጠመኝ። በዚያ አገር ሰው ሯጭ አያውቅም፤ የሚሮጥ ቄስ ምን ማለት እንደሆነ ግን በእኔው ምክንያት አውቋል። ውኃ ያዘለች አንዲት ሴት ከመንገዱ ዳር ቆመች።

"መምሬ፣ ማን ሊሞት ነው?"

"ማንም አይሞትም።"

"ታዲያ ምን ያስሮጥዎታል?"

ለዚያ መልስ የሚሆን ትንፋሽ አልነበረኝም። ፖሊሶቹ በፊቷ ሲያልፉ አልጠየቀቻቸውም።

ጥቂት እንደሄድሁ ከደጃቸው ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁ አንድ አዛውንት ሲያዩኝ ብድግ አሉ። በርኖሳቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው፣ ዱላቸውን ይዘው ከኋላዬ ተከተሉኝ። ዕድሜያቸው ሳይይዛቸው በሩጫ ነው።

"የማን ቤት ነው? መምሬ፣ የማን ቤት ነው?"

"የማንም አይደለም አባቴ። ውድድር ነው።"

"ከማን ጋር?"

"ከፖሊሶች ጋር።"

ቆሙ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው "እንግዲያውስ እንዳይቀድሙዎት" አሉኝ።

ወሬው ግን ከእኔ እግር ፈጥኖ ነበር። ቀጥሎ ያለው መንደር ስደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው መንገድ ዳር ወጥተው አገኘኋቸው። አንዷ ማልቀስ ጀምራለች፤ ለማን እንደምታለቅስ ገና አላወቀችም። እየሮጥሁ ሰው አልሞተም፣ ግቡ አልኋቸው። አጠገባቸው የቆሙ የማውቃቸው አንድ የሰበካ ሽማግሌ ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ጠቆረ።

"ካህን ነኝ ብለው በዚህ ያስለቅሱናል? አያፍሩም?" አሉኝ።

ያ ቃል ከሁሉም ይልቅ ወጋኝ። ለጥቂት ጊዜ እግሬ ከበደኝ፤ ቆሜ ይቅርታ ልበል አልበል እያልሁ ነበር። ኋላ ግን ንዴት ያዘኝ። ምን ሰረቅሁ? የማንን ድንበር ገፋሁ? እግዚአብሔር በሰጠኝ እግር የእግዚአብሔርን መንገድ መሮጤ ነው። አላፍርም አልሁ፤ ለሳቸው አይደለም፣ ለራሴ ነው። ከዚያ በኋላ እርምጃዬ ረዘመ።

መንገዱ ወደ ደጋው እየወጣ ሲሄድ ነፋሱ ከጓሳ ተራራ በኩል መጣ። ምላጭ ነው። ቀድመውኝ የተፈተለኩት ወጣቶች አንድ በአንድ ይገጥሙኝ ጀመር። አንዱ ጎኑን ይዞ ይሄዳል፤ አንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያስመልሳል። ድሬሰሩ ራሱ ሐኪም ይሻ ነበር። የእኔ እግር ከልጅነት ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት የቆመ እግር ነው። ትንፋሼም ረጅም ዜማ ሳይቆርጥ እንዲያደርስ አለቃ በአርጩሜ ያስለመዱት ነው። እሳቸው ይህን ቢያውቁ ምን ይሉ ይሆን እያልሁ ወጣቶቹን አለፍኋቸው።

መሐል ሜዳ መታየት ስትጀምር ከፊቴ አራት ሰው ቀርቶ ነበር። ከአራቱ ኋለኛው ሃምሳ አለቃው ነው። ስደርስበት ዞሮ አየኝ።

"መምሬ፣ ለዛሬ አይበቃዎትም?"

"ያንተን ጨርስ" አልሁት።

ጎን ለጎን ሆነን ገባን። ሰዉ በሁለት ወገን ቆሞ ያየናል፤ የሚስቅም ነበር፣ መስቀል ልሳለም ብሎ መንገዴ ላይ የሚገባም ነበር። መጨረሻው ላይ ሃምሳ አለቃው በጥቂት እርምጃ ቀደመኝ። አምስተኛ ወጣሁ። ጉልበቴን ይዤ ስተነፍስ እሱም አጠገቤ ጎንበስ ብሎ ያለከልካል። ጠዋት የነበረው ሳቅ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር።

የስፖርት አስተማሪው የተመረጡትን ሊጠራ ሲል አንድ ኮት የለበሰ ሹም ክንዱን ያዘው። ቀስ ብሎ የተናገረ መስሎት ነበር፤ እኔ ግን ሰማሁት።

"መምሬን እለፋቸውና ስድስተኛውን ያዝ። ደብረ ብርሃን ቄስ ብናሰልፍ መሳቂያ እንሆናለን።"

ቀረብሁ። "ስድስተኛው ቀድሞኝ ከሆነ እሱ ይሂድ" አልሁ። "ካልቀደመኝ ግን እኔ ነኝ የምሄደው።"

ሹሙ "ለእርስዎ ክብር ብለን ነው እኮ መምሬ" አለኝ።

"ክብሬን እኔ እጠብቀዋለሁ።"

አስተማሪው ፊሽካውን ያገላብጥ ጀመር። የተናገረው ሃምሳ አለቃው ነው። "እኔ እሳቸውን የቀደምሁት ነፍሴ ልትወጣ ስትል ነው። እሳቸው ከቀሩ እኔም እቀራለሁ" አለ። ነገሩ በዚያ አለቀ።

በማግስቱ እሑድ አለቃ ያሉትን አደረጉ። ልብሰ ተክህኖ ልለብስ ስሄድ እጃቸውን ዘረጉና አቆሙኝ።

"ሁለተኛ አልሮጥም ብለህ ማል። ከዚያ ግባ።"

"አልምልም የኔታ።"

"እንግዲያው ከምእመናን ጋር ቁም።"

ቆምሁ። ዓቢይ ጾም ገባ፤ በየዕለቱ ቅዳሴ አለ፤ እኔ ከውጭ ነበርሁ። ውስጥ የሚሉትን ሁሉ በልቤ እየመለስሁ፣ እጄ ባዶውን ቆሜ እሰማ ነበር። ይህ ቀላል ነበር የሚል ሰው ካህን ሆኖ አያውቅም። አንዳንድ ቀን ምናለ ብምል የምልበት ሰዓት ነበረ። ያኔ ባለቤቴን አያታለሁ፤ ከሴቶቹ መካከል፣ በፊት ከምትቆምበት ወደ ፊት ቀረብ ብላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ትቆም ነበር። አልማልሁም። ከቅዳሴ በኋላ ከሰዓት ፆሜን ሳልፈታ እሮጣለሁ፤ ከዚያ ሹሮዬን እበላለሁ። በዚያ ጾም ሰውነቴ መንምኖ አጥንቴ ታየ፤ እግሬ ግን ከመቼውም ይልቅ ቀለለኝ።

በጾሙ መካከል የደብሩ ዓመታዊ በዓል ደረሰ። ቅዳሴ ያለ ሁለት ቀሳውስት አይቀደስም። በደብሩ ያለነው አለቃ፣ አንድ ሌላ አሮጌ ቄስና እኔ ብቻ ነን። በበዓሉ ዋዜማ አሮጌው ቄስ ምች መትቷቸው ተኙ። ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ፤ መንገድ ላይ አያፍሩም ያሉኝም ከመካከላቸው ነበሩ።

"መምሬ፣ አንድ ቃል ቢናገሩ ምን አለበት? ታቦቱ ሊነግስ ነው፣ ሕዝቡ ከየአገሩ እየመጣ ነው" አሉኝ።

"አለቃ ቀድስ ካሉኝ እቀድሳለሁ። አልሮጥም ብዬ ግን አልምልም" አልኋቸው።

እነሱ ለአለቃ ነገሩ። ንጋት ላይ እኔም ሄጄ ከቤተልሔሙ አጠገብ ቆምሁ። አለቃ መጡ። ቀርበው አዩኝ። ይህን ያህል እንዳረጁ ያን ቀን ነው ያስተዋልሁት።

"አትምልም?" አሉኝ።

"አልምልም የኔታ።"

"እንግዲያው ግባ። ግን ቀስ ብለህ ግባ።"

ቀስ ብዬ ገባሁ። አብረን ቀደስን። ድምፃችን ከልጅነቴ ጀምሮ የተላመደ ነውና ያን ዕለት ቅዳሴው እንዴት ያምር እንደነበር የሰሙት ይናገሩ ነበር። ስለ ሩጫው ግን ከዚያ በኋላም አንድ ቀን እንኳ አልተስማማንም።

ከፋሲካ በኋላ አምስታችን በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ወረድን። ባለቤቴ በሶ በቅቤ አሽታ ቋጥራልኝ ነበር። የተሰለፈው ሰው ብዛት፣ የወታደሩ ጉልበት፣ የጫማው ዓይነት አስደንጋጭ ነበር። እንደተፈራውም ተሳቀብኝ። ስንጀምር ግን ሁሉም ትንፋሹን ይሻዋልና ሳቁ ቀረ።

እስከ እኩሌታው ድረስ መንገዱ የማውቀው ያህል ነበር። ሰውነቴ የቱ ጋ እንደሚያጉረመርም፣ የቱ ጋ እንደሚለምን፣ የቱ ጋ እንደሚተወው የሞላሌው ሩጫ አስተምሮኛል። ከእኩሌታው በኋላ ያለው ግን የማላውቀው አገር ሆነብኝ። ጭኔ እንደ እንጨት ደረቀ። የበረባሶዬ ጠፍር ቆዳዬን ልጦት ደም ካልሲ መሰለ። ሃምሳ አለቃውን አንድ ድልድይ አጠገብ ጫማውን አውልቆ ተቀምጦ አገኘሁት። ልቆም ስል እጁን አወናጨፈ።

"አይቁሙ መምሬ። ከቆሙ አይነሱም።"

አልቆምሁም። ከዚያ በኋላ የሮጥሁትንና የሄድሁትን መለየት አልችልም። ዳገቱን ተራምጄዋለሁ፤ ሜዳውን ሮጫለሁ ማለት ይሻላል። ስገባ ቀድመውኝ የጨረሱት ሰዎች ታጥበው፣ ለብሰው፣ ሻይ እየጠጡ ነበር። ከኋላዬ ግን ገና መንገድ ላይ ያለ ሰው ነበረ፤ መኪና ላይ ተጭኖ የገባ ደግሞ ብዙ ነበር። እኔ በእግሬ ገባሁ፤ ጥምጣሜም አልተፈታም።

አገሬ ተመልሼ እያነከስሁ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አለቃ ከጥዱ ሥር ነበሩ። ጉልበታቸውን ሳምሁ። እግሬን አዩት። ልሄድ ስል ግን ጠሩኝ።

"ስንተኛ ወጣህ?"

"ከመሐል ዝቅ ብዬ ነው የኔታ።"

"ይህን ሁሉ ተዋርደህ ከመሐል ዝቅ?"

"ለከርሞ ከመሐል ከፍ እላለሁ" አልኋቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ጸሎታቸው ዞሩ። እኔም ቁስሌ እስኪደርቅ ጠብቄ ሞላሌ በሩጫ መሄዴን ቀጠልሁ።